የወላጆች ተወካይዋ ውጭ ናት

ፀጉር ሠሪዋ ቦርሳዋን ከትንሿ ጠረጴዛ ሥር ጎትታ ተነሳች። ርእሰ መምህርቷ ሦስተኛውን አጀንዳ ገና አንብባ አልጨረሰችም።

“ወዴት ነው?” አሉ አዲሱ ሰብሳቢ።

“ወደ ውጭ።”

“አመመዎት እንዴ?”

“ደህና ነኝ። አጀንዳው የልጄ ስለሆነ ልወጣ ነው።”

“መውጣቱን ማን አዘዘልዎት?”

ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው። የሥራ ዘመናቸውን በጠባብ መስኮት በኩል ማዘዣ ሲቀበሉ ስላሳለፉ፣ ሰው የሚያደርገው ነገር ሁሉ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ያዘዘው ይመስላቸዋል። ቦርዱን ሲመሩ የመጀመሪያ ቀናቸው ነበር።

ፀጉር ሠሪዋ የበሩን እጀታ ይዛ ቆመች። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤቱ ወላጆች ተወካይ አድርገው ሲመርጧት ልጇ ገና ጫማ ማሰር እየተማረች ነበር። አሁን ልጅቷ ከእናቷ ትረዝማለች። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የተማሪ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር እናትየው ቦርሳዋን አንስታ ትወጣለች፤ ሲያልቅ ይጠሯታል። የትምህርት ቤት ቦርድ ደግሞ ከተማሪ ሌላ ብዙ የሚያወራው ነገር የለውም። ስለ አጥሩ ቀለም ሲወሰን ውስጥ ነበረች። የውሃ ታንከሩ ሲቀየርም ውስጥ ነበረች። የቀረውን ያሳለፈችው መተላለፊያው ላይ ነው።

“ደንቡ ነው” አለች በመጨረሻ።

“ደንቡ የሚለው ድምፅ ሲሰጥ ይውጣ ነው። አዲስ ሰው ስለሆንኩ ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ። ልጁን በሚመለከት ጉዳይ አባሉ ድምፅ አይሰጥም። አይናገርም ግን አይልም። ካልተናገሩማ ምን ሊያደርጉ ተመረጡ?”

ሰብሳቢው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አባላቱን በየተራ አዩ። ስብሰባው የሚካሄደው በልጆቹ የሥዕል ክፍል ነው፤ ሌላ ሰፊ ክፍል የለም። ወንበሮቹ ለሕፃናት የተሠሩ ስለሆኑ የሂሳብ ሹሙ ጉልበት ከአገጫቸው ጋር ሰላምታ ሊለዋወጥ ምንም አልቀረው። በትምህርት ቤቱ ለትልቅ ሰው የተሠራው ወንበር መተላለፊያው ላይ ያለው የእንግዳ ወንበር ብቻ ነበር።

“እኔ ደንበኞቿ የሚደውሉላት መስሎኝ ነው” አሉ የሂሳብ ሹሙ። “ፀጉር ቤት ነዋ። ሰው ይቸኩላል።”

“እኔ መስማቱ የሚከብዳት መስሎኝ ነው” አለች ርእሰ መምህርቷ። “የእናት ሆድ ነው ብዬ ዝም አልኩ።”

“እኔ ደግሞ የቀድሞው ሰብሳቢ ያዘዟት መስሎኝ” አለ የመምህራን ተወካዩ። የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ከሕፃን ወንበር ላይ ግማሹ ወደ ውጭ ተርፏል። “ትልቅ ሰው ያዘዘውን እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ?”

የቀድሞው ሰብሳቢ ሐኪም ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና አርፈዋል። ፀጉር ሠሪዋ ቦርዱ ውስጥ የገባች ቀን የተያዘው አጀንዳ ልጇ የአንዲት ረዳት መምህርት ክንድ መንከሷ ነበር። ሐኪሙ ሴትዮዋ እንዳትሸማቀቅ አስበው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና “ለዛሬ ትንሽ አየር ቢወስዱስ?” አሏት። ወጣች። በሚቀጥለው ስብሰባ የተማሪ ጉዳይ ሲነሳ ግን ማንም ሳይናገራት ራሷ ተነሳች።

“ውጪ እስክባል ለምን እጠብቃለሁ ብዬ ነው” አለች ይህን ለሰብሳቢው ስታስረዳ። “ሰው ፊት ከማፈር ቀድሞ መውጣት ይሻላል ብዬ።”

“አሃ” አሉ ሰብሳቢው። “መድኃኒቱ የታዘዘው ለአንድ ቀን ነው። እርስዎ ለዓመታት ወሰዱት።”

መጀመሪያ የሳቀው የስፖርት አስተማሪው ነው። ከዚያ የሂሳብ ሹሙ፣ ከዚያ ርእሰ መምህርቷ እያፈረች። ፀጉር ሠሪዋም በእጇ አፏን ሸፍና ሳቀች። ሁሉም በይሉኝታ ዝም ብለው አንዲት ሴትዮ ውጭ አስቀምጠዋል። እሷም በይሉኝታ ተቀምጣለች። ከሁሉም ቀድማ ሳቋን ያቋረጠችው እሷ ነበረች። የልጇ ክፍል ከጠዋት ወደ ከሰዓት ሲዛወር ውጭ ነበረች። ልጅቷ የምትወደው የውሃ ዋና ትምህርት ሲቀር ውጭ ነበረች።

“ይቀመጡ” አሉ ሰብሳቢው።

ተቀመጠች። ርእሰ መምህርቷ አጀንዳውን እንደገና አነበበች። ዕድሜያቸው አሥራ ስምንት የሞላ ተማሪዎች በትምህርት ዘመኑ ማብቂያ እንዲሰናበቱ የቀረበ ደንብ ነው። ትልልቆቹ ካልወጡ ትንንሾቹ አይገቡም፤ ወረፋ የሚጠብቁ ሕፃናት ብዙ ናቸው። ፀጉር ሠሪዋ ዝርዝሩን መስማት አላስፈለጋትም። ልጇ አሥራ ስምንት የሚሞላት ከትምህርት መዝጊያው በፊት ነው።

ውይይቱ ሳይጀመር የሥዕል ክፍለ ጊዜ ደረሰ። አንድ ልጅ በሩን ከፍቶ ገባና የሂሳብ ሹሙ የተቀመጡበትን ወንበር እየነካ “የኔ” አለ። ልክ ነበር፤ ወንበሩ የእሱ ነው። የሂሳብ ሹሙ በሁለት ሰው እርዳታ ተነሱ።

“በሚቀጥለው ስብሰባ በዚህ እንጀምራለን” አሉ ሰብሳቢው። ወደ ፀጉር ሠሪዋም ዞረው “እርስዎ መጀመሪያ ይናገራሉ። ይዘጋጁ” አሏት።

እንቅልፍ የነሳት ይህች “ይዘጋጁ” የምትል ቃል ናት።

*

ፀጉር ቤቱ ከአንድ የሞባይል ጥገና ሱቅ ጎን ነው። ሁለት ወንበር፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ረጅም መስታወት። ፀጉር መሥራት የተማረችው ከአክስቷ ነው። መጀመሪያ ወለል ጠረገች፣ ከዚያ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን አቀበለች፣ ከዚያ ፀጉር አጠበች፤ አክስቷ ስታርፍ መቀሱም ቤቱም ለእሷ ቀረ። ደንበኞቿ “ሬዲዮ” ይሏታል። ጠዋት በሩን ስትከፍት የጀመረችው ወሬ ማታ መብራት እስክታጠፋ አይቋረጥም። ስለ ማን ሠርግ፣ ስለ ማን ፍቺ፣ ስለ ማን አማት ብትጠይቋት ታውቃለች። የምትናገረው ግን ሁልጊዜ ከሰው ጀርባ ቆማ ወደ መስታወቱ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ ማውራት ሌላ ሙያ ነው፤ እሱን አክስቷ አላስተማረቻትም።

ልጅቷ ወደዚህ ቤት መምጣት አትችልም። የፀጉር ማድረቂያው ፎን ሲበራ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ትጮኻለች፤ ሲጠፋም ቶሎ ዝም አትልም። እናትየው ሞክራለች። ፎን ሳትጠቀም ለመሥራት ሞከረች፤ ደንበኞቿ እርጥብ ራሳቸውን በፎጣ ጠቅልለው ወደ ማዶው ፀጉር ቤት ሄዱ። እህቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቷን ትይዝላታለች። ሌላውን ቀን እህትየው ራሷ ሥራ ላይ ናት። አባትየው ደግሞ ሐኪም የልጅቷን ሁኔታ የነገራቸው ዕለት “እስኪ ትንሽ ላስብበት” ብሎ ወጣ። የት ደረሰ ሲሏት “እስካሁን እያሰበ ነው” ትላለች።

ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነው። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋባት ወይ ፀጉር ቤቱን መዝጋት ነው፣ ወይ ልጅቷ ላይ በር ቆልፎ መሄድ። ልጅ ቆልፈው የሚሄዱ እናቶች ታውቃለች። ፈርዳባቸው አታውቅም። እነሱን መሆን ግን አልፈለገችም።

“አልቅሺባቸው” አለች ጥፍር ሠሪዋ። ጥግ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ተከራይታ የምትሠራ ልጅ እግር ናት። “ወንዶች እንባ አይችሉም።”

“ሰብሳቢው ፋርማሲስት ናቸው። የዓይን ጠብታ ይሰጡኛል።”

“ምን አልቅሺ ትያታለሽ?” አለች ካስክ ውስጥ ያለችው ደንበኛ። ነርስ ናት፤ ካስኩ ስለሚጮህባት እየጮኸች ነው የምታወራው። “ቀጥ ብለሽ መብቴ ነው በያቸው!”

“እሱንስ እላለሁ። ከመብቴ ነው ቀጥሎ የሚባለው ነው የጠፋኝ።”

“ይደገማላ። መብቴ ነው፣ መብቴ ነው!”

“እሺ። ሦስት ጊዜ ስለው ወደ ቤት ልሂድ?”

“ወይ አንቺ” አለች ጥፍር ሠሪዋ። “ሬዲዮ ሆነሽ ንግግር ጠፋኝ ስትዪ አይነወርሽም?”

“ሬዲዮ የሚያወራው የሰው ወሬ ነው። የራሱን መቼ አውርቶ ያውቃል?”

ነርሷ ምን እንደተባለ ስላልሰማች ካስኩን ገፋ አድርጋ “ምን አለች?” ብላ ጠየቀች። ማንም አልደገመላትም። ፀጉር ሠሪዋ ካስኩን ወደ ቦታው መለሰችና የነርሷን አንገት በፎጣ ጠረገች። ከዚያ መስታወቱ ውስጥ የራሷን ፊት እያየች “የተከበራችሁ የቦርድ አባላት” አለች። ጥፍር ሠሪዋ ቀለሙን ደፋችው፤ ሳቅ ነው ያስደፋት።

ቤት ውስጥ ደግሞ የኩባያ ጉዳይ ነበር።

የልጅቷ ኩባያ እጀታው ተሰብሯል። አረንጓዴ ነው፤ ከሌላ አትጠጣም። ድሮ አንድ ጊዜ ሌላ ኩባያ ሲሰጣት ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትቀምስ ውላለች። አሁን ግን እናትየው ከትምህርት ቤቱ የተማረችው ዘዴ አለ። አዲሱን ኩባያ ገዝታ ከአሮጌው ጎን አስቀመጠችው። ባዶውን። “ጠጪበት” አላለችም። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጅቷ አዲሱን በጣቷ ነካችው። ሌላ ቀን አንስታ አሸተተችው። ከዚያ ማታ እራት ላይ፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ውሃ ገለበጠች፤ መልሳ ወደ አሮጌው ገለበጠችና ጠጣች። እናትየው ሾርባዋን እያየች እንዳላየ ሆነች። ማየቷ ከታወቀ ነገሩ ከሥሩ ይጀመራል።

ልጅቷ የምትናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። በትምህርት ቤቱ “ተቆጣጣሪዋ” ይሏታል፤ ክፍት በር አይታ አታልፍም። ቤታቸው ባለበት ፎቅ ቆሻሻ ሊጥል የወጣ ጎረቤት በሩን ገርበብ አድርጎ ከሄደ ሲመለስ ተዘግቶ ያገኘዋል። ቁልፍ ይዞ መውጣትን ጎረቤት ሁሉ ከእሷ ተምሯል።

“ነገ ስብሰባ አለኝ” አለቻት እናቷ እያበጠረቻት።

“ትምህርት ቤት” አለች ልጅቷ።

“አዎ። ትምህርት ቤት።”

“ነገ ትምህርት ቤት።”

“ነገማ አለ” አለች እናትየው።

*

ስብሰባው ከመጀመሩ አስቀድማ ደረሰች። እግሯ በልማድ መተላለፊያው ላይ ወዳለው ወንበር ወሰዳት። ተይዟል። የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው ተቀምጦበታል፤ ጣቶቹ ጥፍራቸው ድረስ የመኪና ዘይት ጠጥተዋል። መካኒክ ነው። እግሩ ሥር አንዲት ትንሽ ልጅ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ወረቀት በቀጭን በቀጭኑ ትቀድዳለች። ሰውየው ቶሎ ብሎ ተነሳላት።

“ይቀመጡ እትዬ።”

“ኧረ ተቀመጥ ወንድሜ። ልጅ ይዘሃል።”

“ለእሷ ወለሉ ይሻላታል። እዚህ ነው የሚሠሩት?”

“አይ… ልጄ እዚህ ትማራለች።”

“ታድለው” አለ መካኒኩ። ቅናት አልነበረበትም፤ እንዲሁ ነው ያለው። “እኔ ይኸው እመላለሳለሁ። ቦታ የለም ይሉኛል። አሁን ደግሞ ትልልቆቹ ሲወጡ ይኖራል አሉኝ። መቼ እንደሚወጡ ያውቁ ይሆን እትዬ?”

ፀጉር ሠሪዋ አላውቅም አለች። ውሸት አልነበረም።

“እናቷ ሥራ ስትገባ እኔ እይዛታለሁ” አለ። “እኔ ስገባ እናቷ። ሁለታችንም የገባን ቀን ቁልፉ ይይዛታል።” ይህን ብሎ ወደ ወለሉ አየ። “ምን ይደረግ።”

ትንሿ ልጅ አንድ የቀደደችውን ቀጭን ወረቀት አንስታ ፀጉር ሠሪዋ ጫማ ላይ አኖረች። ቀጥላ ሌላ። ሁለቱን በጥንቃቄ ጎን ለጎን አስተካከለቻቸው። ፀጉር ሠሪዋ እግሯን ሳታንቀሳቅስ ቆመች።

“ወደድሻቸው ማለት ነው” አለ መካኒኩ ለልጁ። “እሷ እኮ ሰው ላይ አታኖርም” አለ ለሴትዮዋ።

የስፖርት አስተማሪው ከሥዕል ክፍሉ ብቅ አለ። “እትዬ፣ ዛሬ ውጭ ሳይሆን ውስጥ ነው” አላት። ወረቀቶቹን በእጇ ይዛ ገባች። የተዘጋጀችበት ንግግር፣ ነርሷ ያስጠናቻት “መብቴ ነው” ጭምር፣ መተላለፊያው ላይ ቀረ።

ርእሰ መምህርቷ ጉዳዩን አስረዳች። ትምህርት ቤቱ ጠባብ ነው። ከሌላ ሰፈር ድረስ ወላጆች ይመጣሉ። ትንንሾቹ በቶሎ ካልጀመሩ በኋላ የሚያስፈልጋቸው ጊዜ ይረዝማል። ትልልቆቹ ደግሞ መማር የሚችሉትን ተምረዋል። በመዝጊያው ቀን ምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሸኛሉ። ስትናገር ፀጉር ሠሪዋን አላየቻትም። ክፉ ሴት አይደለችም። ለልጅቷ የዋና ልብስ ከራሷ ኪስ የገዛች ናት።

“ደንብ ለሁሉም አንድ ነው” አሉ የሂሳብ ሹሙ። “ለአንዱ ካላላነው ለሁሉም ይላላል።”

“የወላጆች ተወካይ” አሉ ሰብሳቢው።

ፀጉር ሠሪዋ መስታወት ፈለገች። አልነበረም። ግድግዳው ላይ የልጆች ሥዕል ብቻ ነው ያለው። የሂሳብ ሹሙን ጉልበት እያየች ጀመረች።

“አይውጡ ልል ነበር የመጣሁት” አለች። “ተለማምጄ ነበር። አሁን ግን ውጭ አንድ ሰው አለ። ልጁን ቆልፎባት ነው ሥራ የሚሄደው። እሱን ‘የኔ ልጅ ትቀመጥበት’ ልለው አልችልም። ብለው እንኳ ከአፌ አይወጣም። ስለዚህ ይውጡ። ትልልቆቹ ይውጡ።”

ርእሰ መምህርቷ ቀና አለች።

“አወጣጡ ላይ ነው የምናገረው። ልጄ አሁን አዲስ ኩባያ እየለመደች ነው። ኩባያ ነው የምላችሁ፣ የውሃ መጠጫ። እናንተ ናችሁ ያስተማራችሁኝ። አዲሱን ከአሮጌው ጎን አስቀምጪው፣ አትናገሪ፣ ጠብቂ አላችሁኝ። ጠበቅኩ። እየጠበቅኩ ነው። ጫማ ሲቀየርም እንደዚያው። መምህር ሲቀየርባት አዲሷ መምህርት አጠገቧ ተቀምጣ ስንት ጊዜ እንደዋለች እናንተው ታውቃላችሁ።” ትንፋሽ ወሰደች። “ለኩባያ ይህን ያህል ጊዜ ሰጣችሁኝ። ለዚህ ሁሉ ዓመት የሰጣችሁት አንድ ከሰዓት ነው። ፎቶ ትነሳለች። ፎቶውን ትወዳለች፣ ትስቃለች። በነጋታው ዩኒፎርሟን ለብሳ በር ላይ ትቆማለች። ምን እንድላት ትፈልጋላችሁ?”

በሌላ ክፍል አንድ ልጅ ከበሮ ይመታል።

“እና ምን ይደረግ ነው የሚሉት?” አሉ ሰብሳቢው።

“ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን ሌላ ቦታ ትሂድ። የሚያውቃት መምህር አብሯት ይሂድ። ከዚያ ሁለት ቀን። ከዚያ ሦስት። ዓመቱ ሲያልቅ ትምህርት ቤቱን ራሷ ትተወዋለች፤ ማንም አያባርራትም። ለሁሉም ትልልቆች ነው የምለው፣ ለእሷ ብቻ አይደለም።”

“ሌላ ቦታ ማለት የት?” አሉ የሂሳብ ሹሙ።

“እሱን አላውቅም።”

“አያውቁም?”

“ጋሼ፣ ሁሉንም እኔ ካወቅኩማ ቦርዱ ምን ያደርጋል?”

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውርደው ሳቃቸውን ደበቁ። ርእሰ መምህርቷ ግን አልሳቀችም። “እኔ ሰው የለኝም” አለች። “አብሯቸው የሚሄድ መምህር ከየት ላምጣ? እዚህ ያሉትን ማን ያስተምርልኛል? ሐሳቡን ጠልቼው አይደለም፤ እጄ ባዶ ነው።”

“እኔ እሄዳለሁ” አለ የስፖርት አስተማሪው። “ትልልቆቹ ስፖርት ላይ አብረውኝ ናቸው፤ ያውቁኛል። ስፖርቱን እዚያው እንሠራለን። መሸከም፣ መጎተት፣ ማንሳት እኮ ስፖርት ነው።”

“ትንንሾቹስ? አንድ ዓመት ሙሉ ይጠብቁ?” አሉ የሂሳብ ሹሙ።

“ትልልቆቹ በወጡበት ቀን ክፍሉ ባዶ አይደል?” አለች ርእሰ መምህርቷ። ለራሷ የምታወራ ትመስል ነበር። “ትንንሾቹም ቢሆኑ መጀመሪያ ሙሉ ሳምንት አይችሉም። ያለቅሳሉ። አንድ አንድ ቀን ነው የምናስለምዳቸው…” እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለች። “ይቻላል መሰለኝ። ይከብዳል፣ ግን ይቻላል።”

የሂሳብ ሹሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያልተሞከረ ነገር ነው አሉ። የስፖርት አስተማሪው ቢታመምስ? የሚቀበላቸው ቦታ ቢጠፋስ? ጥያቄዎቹ ትክክለኛ ነበሩ፤ ለአንዳንዶቹ መልስ ጠፋ። ሰብሳቢው ጥቂት ካከራከሩ በኋላ እጃቸውን አነሱ።

“በቃ። ድምፅ እንስጥ።” ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞሩ። “አሁን ይውጡ። ይኼኛው የታዘዘ ነው።”

*

መካኒኩ ሄዷል። ወለሉ ላይ የወረቀት ቅዳጅ ቀርቷል። ፀጉር ሠሪዋ በእጇ የያዘቻቸውን ሁለቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ይህን መተላለፊያ እንደ ቤቷ ነው የምታውቀው፤ የትኛው ሰድል እንደተሰነጠቀ፣ የመጸዳጃው ቧንቧ ሲዘጋ እንዴት እንደሚያቃስት። ዛሬ ግን የመጀመሪያ ጊዜዋ ይመስል ሰድሎቹን እንደገና ቆጠረች።

ትምህርት ሊያበቃ ነው። ልጅቷ ከመተላለፊያው ጫፍ መጣች፤ ቦርሳዋን በሁለት ትከሻዋ አንግታለች። የመጀመሪያውን ክፍል በር ዘጋች። ሁለተኛውን ዘጋች። የዕቃ ክፍሉን ዘጋች፤ ውስጥ የነበረችው ጽዳት ሠራተኛ በለመደችው መንገድ “እኔ አለሁ እኮ የኔ እናት” አለችና ራሷ ከፍታ ወጣች። ልጅቷ እናቷ ጋ ስትደርስ ቆመች።

“ቤት” አለች።

“ትንሽ ቆይ እሺ? ትንሽ።”

ልጅቷ አሰበችበት። ከዚያ ወንበሩ አንድ ስለሆነ እናቷ ጭን ላይ ተቀመጠች፤ እንደ ሕፃንነቷ ጊዜ። ከበደች። እናትየው እግሯ እስኪደነዝዝ አላስነሳቻትም። አገጯን የልጇ ትከሻ ላይ አስደገፈች። ጠዋት ያበጠረችው ፀጉር አልተፈታም።

የሥዕል ክፍሉ በር ተከፈተና ሰብሳቢው ብቅ አሉ። ቃል ሳይተነፍሱ ልጅቷ ተነስታ ሄደችና በሩን በፊታቸው ዘጋችው። ሥራዋን ጨርሳ ተመልሳ ተቀመጠች።

ከውስጥ ተንኳኳ።

“ይቅርታ” አለ የሰብሳቢው ድምፅ በበሩ በኩል። “መውጣት ይፈቀድልኛል?”

ፀጉር ሠሪዋ በሳቅና በጭንቀት መሃል ሆና ልጇን ይዛ ተነሳች። “ጋሼ ናቸው፤ እንክፈትላቸው” አለቻት። ልጅቷ ራሷ ከፈተች። ሰብሳቢው ቶሎ ብለው ወጡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት። ልጅቷ እጀታውን ፈትሻ መዘጋቱን አረጋገጠች።

“አልፏል” አሉ ሰብሳቢው። “አንድ ተቃውሞ አለ። ለአንድ ዓመት ይሞከራል።”

ፀጉር ሠሪዋ ለማመስገን ጎንበስ አለች። ሰብሳቢው አልጠበቋትም። “ማመስገኑን ይተዉት” አሉ። “ቦታ ፍለጋው ላይ ግን እርስዎም አሉበት። ፀጉር ቤትዎ ስንት ሰው ይገባል? ሁሉንም ይጠይቁ። ሬዲዮ ናቸው ብለውኛል።”

“ማን ነገረዎት?”

“ነርሷ። የደም ግፊቴን የምትለካው እሷ ናት።”

የሂሳብ ሹሙ ወገባቸውን ይዘው ወጡ። ፀጉር ሠሪዋ ፊት ቆሙ።

“የተቃወምኩት እኔ ነኝ” አሉ። “ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው።”

“ምንም አይደለም ጋሼ።”

“ያልተሞከረ ነገር እፈራለሁ። ልጅዎን ጠልቼ አይደለም።”

“አውቃለሁ” አለች።

የሂሳብ ሹሙ ለልጅቷ እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቷ እጃቸውን አየችና ቦርሳዋን አስያዘቻቸው። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ተሸከሙላት።

ለትልልቆቹ የመጀመሪያው ቦታ የተገኘው ከከተማው ዳርቻ ያለ የችግኝ ጣቢያ ነው፤ የጣቢያው ኃላፊ ፀጉሯን የምትሠራው ማዶው ፀጉር ቤት ነበር፤ ፀጉር ሠሪዋ እዚያም ገብታ ጠይቃለች። በዓመቱ ፀጉር ሠሪዋ ከቦርዱ ወጣች፤ የወላጆች ተወካይ ለመሆን ልጅ እዚያ መማር አለበት። ልጅቷ አሁን ከሰኞ እስከ ዓርብ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ በፕላስቲክ ከረጢት አፈር ትሞላለች።